ከኮሪያ የመጡ ደብዳቤዎች

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ከራስህ ሕይወት ያገኘኸውን አንድ ትምህርት ጽፈህ አምጣ» ባሉኝ ጊዜ በመጀመሪያ ደነገጥሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ብቻ የኖረ ሰው ከሕይወቱ ምን ትምህርት ያገኛል? ባሕር አልተሻገርሁም፤ ጦር ሜዳ አልዋልሁም፤ ከአዲስ አበባ ወጥቼ የማውቀውም አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ እስከ ደብረ ብርሃን ብቻ ነው። ነገር ግን ዘንድሮ በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት አንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ከፍቼ በውስጡ ያገኘሁት ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ስለዚህ ስለ እርሱ እጽፋለሁ። ታሪኩ የእኔ ሳይሆን የአያቴ ነው። መጨረሻው ግን ወደ እኔ ስለሚመጣ፥ አንባቢዎቼ እስከዚያ ድረስ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

አያቴ ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው ደኅና ነው፤ ጉልበታቸውም በምርኩዝ እስከ ደጃፍ ያደርሳቸዋል። ዓይናቸው ግን ከአራት ዓመት ወዲህ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ሌላ አያይም። ዕድሜያቸውን በሙሉ አስተማሪ ሆነው የኖሩ ሰው ስለ ሆኑ፥ ከምግብ መከልከል ይልቅ ከንባብ መከልከል ይብስባቸዋል። ስለዚህ በዕረፍቱ ጧት ጧት እየሄድሁ ጋዜጣና መጽሐፍ አነብላቸው ጀመር። በመጀመሪያው ቀን «የግማሽ ዓመቱ ውጤትህ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ደኅና ነው» አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ደኅና ከሆነ ደኅና ነው» ብለው ወደ ጋዜጣው አሳለፉኝ።

በሦስተኛው ቀን «ዛሬ ጋዜጣው ይቅር። ከአልጋዬ ሥር ያለውን ቆርቆሮ አውጣልኝ» አሉኝ። አወጣሁት። በውስጡ በነጭ ክር የታሰሩ አሥራ አራት ደብዳቤዎችና አንድ ጥቁር የቀለም ብዕር ነበሩ።

«እነዚህ ጋሼ ከኮሪያ የጻፈልኝ ደብዳቤዎች ናቸው። በተጻፉበት ቀን ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። ከመጀመሪያው ጀምረህ አንብብልኝ። አንድም አትዝለል» አሉኝ።

ጋሼ የሚሏቸው ታላቅ ወንድማቸውን ነው። ሁለቱም የተወለዱት መንዝ ውስጥ ነው። አባታቸው በጠላት ወረራ ዘመን ስለ ሞቱ፥ በስምንት ዓመት የሚበልጡት ጋሼ የቄስ ትምህርታቸውን ዳዊት ላይ አቋርጠው ሞፈር ጨበጡ። ጠላት በ1933 ዓመተ ምሕረት ከአገር ከተባረረ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ክብር ዘበኛ ተቀጠሩ። ደመወዝ መቀበል እንደ ጀመሩም ታናሽ ወንድማቸውን ከመንዝ አስመጥተው ትምህርት ቤት አስገቡ። «እኔ ያቋረጥሁትን አንተ ትጨርሰዋለህ» ይሏቸው ነበር። በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል የነበረው ውል ይኸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለ ኮሪያ ጦርነት በታሪክ ክፍላችን ጥቂት ተምረናል። ለዘነጉት ግን በአጭሩ ላስታውስ። ሰኔ 18 ቀን 1942 የሰሜን ኮሪያ ጦር 38ኛውን መስመር ተሻግሮ ደቡብ ኮሪያን ወረረ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም አባሎቹ እርዳታ እንዲሰጡ ጠየቀ። ኢትዮጵያ በ1928 ፋሺስት ኢጣልያ በወረራት ጊዜ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብላ የሚደርስላት ያጣች አገር ናትና፥ በሌላው ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ ዝም ማለት አልፈለገችም። ስለዚህ ከክብር ዘበኛ ተመርጦ የሠለጠነ አንድ ሻለቃ ጦር ተዘጋጀ። ስሙም በራስ መኰንን የፈረስ ስም «ቃኘው» ተባለ። ይህ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ ወር 1943 በባቡር እስከ ጅቡቲ ሄዶ፥ ከዚያ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ፥ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ከሚባለው የኮሪያ ወደብ ደረሰ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋርም ተሰልፎ ተዋጋ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 የተኩስ ማቆም ስምምነት እስከ ተፈረመበት ቀን ድረስ በሦስት ዙር ከሦስት ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተዋል። ከመቶ ሃያ በላይ ሞተዋል፤ ከአምስት መቶ በላይ ቆስለዋል። የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ጋሼ ከመጀመሪያዎቹ ዘማቾች አንዱ ነበሩ።

በዚያው በ1943 አራት ኪሎ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። በካናዳዊው በዶክተር ሉሲየን ማት ይመራ የነበረው ይህ ኮሌጅ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ትልቅ ዛፍ የበቀለበት ዘር ነው። አያቴ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች አንዱ ሆኑ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ቤት ታናሹ ደብተር ይዞ ወደ አራት ኪሎ፥ ታላቁ ጠመንጃ ይዞ ወደ ለገሀር ሄዱ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ከመርከብ ላይ የተጻፈ ነው። ፊደሉ ትልልቅና በጥንቃቄ የተቀረጸ፥ ልክ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ እንደሚጽፈው ያለ ነው። «ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ። እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብሎ ይጀምርና፥ ባሕር ማለት የሚንቀሳቀስ ሜዳ መሆኑን፥ በሜዳ ላይ ፈረስ የማይጥለው ጀግና ሁሉ በመርከቡ ላይ ሁለት ቀን ሆዱን ይዞ እንደ ተኛ ይተርካል። «እኔም ከጀግኖቹ አንዱ ነበርሁ» ይላል። አያቴ ይህን ሲሰሙ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ።

ሁለተኛው ከፑሳን የተጻፈ ነው። በእርሱ ላይ ሳቅ የለም። ጋሼ ቤቶቹ መቃጠላቸውን፥ ሽማግሌዎች ዕቃቸውን በጀርባቸው አዝለው መንገድ ላይ መሰለፋቸውን፥ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት በሰፈሩ አጥር ዙሪያ መቆማቸውን ጽፈዋል። «አንዱ ስድስት ዓመት ያህል ይሆነዋል። የቆርቆሮ ሥጋዬን ሰጠሁት። ወዲያው አልበላውም፤ ግማሹን በጨርቅ ቋጠረ። ማን እንዳለው እንጃ። አባባ በሞተ ሰሞን አንተ ቂጣህን ለእማማ ትቋጥር የነበረው ትዝ አለኝና ፊቴን አዞርሁ። ለእማማ ስታነብላት ግን ይህን ዝለለው፤ ጋሼ ደኅና ነው፥ ምግቡም ጥሩ ነው በላት» ይላል። ቃኘዎች እንዲህ ካሉ ሕፃናት ጋር የጀመሩት ወዳጅነት በኋላ ቶንግዱቾን በምትባለው ከተማ የሕፃናት ማሳደጊያ እስከ ማቋቋም እንዳደረሳቸው ይታወቃል።

እዚህ ላይ አያቴ አስቆሙኝና አንድ ነገር ነገሩኝ። ለልጆቻቸው እንኳ ነግረውት የማያውቁት ነው።

በሰኔ 1943 የዓመቱ ፈተና ውጤት ሲነገር አያቴ ወደቁ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም። መምህራኑ ደኅና አስተምረዋል፤ መጻሕፍቱም ነበሩ። እርሳቸው ግን በከተማው ጓደኛ አብዝተው፥ ኮሌጅ ገባሁ በማለት ብቻ የተማሩ መስሏቸው ነበር። ያንኑ ዓመት እንዲደግሙ ተፈቀደላቸው። ያን ቀን ማታ ለጋሼ ደብዳቤ ሊጽፉ ተቀመጡ። «ወድቄአለሁ» ብለው ጀመሩና ቀደዱት። ደግመው ጀመሩና ቀደዱት። በሦስተኛው ላይ «ትምህርቴ ደኅና ነው። ወደ ሁለተኛው ዓመት ተዛውሬአለሁ» ብለው ጻፉና ሳይቀዱት በፊት ሮጠው ፖስታ ቤት ጣሉት።

«የሰው እግር ወደ ጥፋት ሲሄድ እንዴት ይፈጥናል!» አሉኝ አያቴ።

መልሱ በነሐሴ 1943 የተጻፈ ነው። ከአሥራ አራቱ ሁሉ ረጅሙ እርሱ ነው። ጋሼ ደብዳቤው በደረሳቸው ቀን በድንኳኑ ውስጥ ላሉት ወታደሮች ሁሉ ሦስት ጊዜ እንዳነበቡላቸው፥ አሥር አለቃቸው «የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ወንድም ያለው ሰው ዛሬ ውኃ አይቀዳም» ብሎ ተራቸውን እንደ ተካላቸው ጽፈዋል። «ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ተለውጧል። በሻምበላችን ውስጥ የሚጠሩኝ የተማሪው ወንድም እያሉ ነው» ይላል። ይህን ሳነብ አያቴ ማየት በማይችሉት ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ደብዳቤዎች ከጃፓን የተላኩ ናቸው። «ሻለቃችን በደኅና ስለ ተዋጋ ለዕረፍት ወደ ጃፓን ተልኬአለሁ፤ ንጹሕ አልጋ ላይ እተኛለሁ፤ ወተት እጠጣለሁ» ይላል የመጀመሪያው። በጥቅምት መጀመሪያ 1944 የተጻፈ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የብዕሩ ደብዳቤ ነው። «ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሚገባ የቀለም ብዕር አስገዝቼልሃለሁ። እኔ እንደሆነ ለእኔ ፊደል እርሳስ ይበቃኛል» ይልና፥ ዝቅ ብሎ «ዛሬ ደስ ብሎኛል፤ ብቻዬን እስከ መስኮቱ ድረስ ሄድሁ። ከዚያ ሆኜ የከተማውን ጢስ አየሁ» ይላል። ቀኑ ኅዳር 20 ነው።

ንባቤን አቆምሁ። ወደ መጀመሪያው ተመልሼ ቀኑን አየሁ።

«አባባ፥ ለወታደር የሚሰጠው ዕረፍት ስንት ቀን ነው?» አልኋቸው።

«አምስት ቀን ያህል ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ እኒህ ሁለት ደብዳቤዎች ሰባት ሳምንት ይራራቃሉ። ደግሞስ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው እስከ መስኮት መሄድ እንዴት ያስደስተዋል?»

አያቴ ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጡኝም። በመጨረሻ «አየህ ልጄ፥ አንተ አሁን በአንድ ንባብ ያየኸውን እኔ በዚያን ጊዜ አላየሁትም። የኮሌጅ ተማሪ ነኝ የምለው ሰው! ደብዳቤው ሲደርሰኝ በውስጡ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ‹መውደቄ ታውቆብኝ ይሆን?› የሚለውን። አለመታወቁን ካረጋገጥሁ በኋላ የቀረውን ዓይኔ ያየው ነበር እንጂ ልቤ አያነበውም ነበር። የራሱን ውሸት የሚጠብቅ ሰው የሌላውን ሕመም አይቶ አያውቅም» አሉኝ።

ከዚያ «ቀጥል» አሉኝ። የቀጠልሁት ደብዳቤ በጥር 1944 ከግንባር የተጻፈ ነው። ጋሼ ወደ ምሽጋቸው ተመልሰዋል። ስለ ብርዱ እንዲህ ይላል፦ «መንዝ ተወልዶ ብርድ ፈራሁ ማለት ያሳፍራል። ነገር ግን የጓሳ ውርጭ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። ውኃው በኮዳው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ስቆም ስለ ባናችን አስባለሁ። ኮረብቶቹ ለእኛ ስም የላቸውም። በካርታው ላይ በተጻፈው የከፍታቸው ቍጥር እንጠራቸዋለን። ስም የሌለው ኮረብታ ላይ መቆም የሰው አገር ላይ መሆንህን አያስረሳህም።»

ከዚህ በኋላ ያለውን በሙሉ ልጻፈው፤ አያቴም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

«ወንድሜ ሆይ፥ ደብዳቤህ እያጠረ መጣ። የመጨረሻው አራት መስመር ነው፤ ከአራቱ ሁለቱ ሰላምታ ናቸው። ምናልባት ፊደሌ የተማረ ሰው ፊደል ስላልሆነ ማንበቡ ይሰለችህ ይሆናል። ወይም ዛሬ የምታውቀው ነገር በዝቶ ለእኔ የሚነገር አጥተህ ይሆናል። አልፈርድብህም፤ እንዲህ እንድትሆን ነው ያስተማርሁህ። ቢሆንም ደኅና ነኝ ከምትለኝ ዛሬ ሽሮ በላሁ ብትለኝ ይሻለኛል። ደኅና ነኝ የሚለው ቃል ለባዕድም ይባላል።»

አነበብሁና ዝም አልሁ። አያቴም ዝም አሉ። ከዚያ «ድገመው» አሉኝ። ደገምሁት።

«ዓይኔ በሚያይበት ጊዜ ይህን ቆርቆሮ በየጥቂት ዓመቱ አወጣው ነበር» አሉኝ። «ይህን አንዱን ግን ዘልዬ ነበር የማነበው። አሁን አንባቢው አንተ ስለ ሆንህ መዝለል አልቻልሁም። ጋሼ የናቅሁት መስሎት ነበር። እኔ ደግሞ የማሳጥረው ውሸቱ እንዳይረዝም ብዬ ነበር። ውሸት ሲጻፍ ብዙ ቃል አይወድም፤ በረዘመ ቍጥር ይጋለጣልና።»

የመጀመሪያው ሻለቃ በሁለተኛው ተተክቶ በዚያው ዓመት ከክረምት በፊት ወደ አገሩ ተመለሰ። ለገሀር በሰው ተጥለቅልቃ ነበር ይላሉ አያቴ። እልልታውና ዘፈኑ ጆሮ ያደነቍራል። ወታደሮቹ ከባቡሩ ሲወርዱ እርሳቸው የሚያውቁትን አረማመድ ይፈልጉ ነበር። ጋሼ በመንዝ ዳገት ላይ የሚቀድማቸው እንዳልነበረ ያውቃሉና። ያ አረማመድ አልመጣም። የመጣው በምርኩዝ የሚያነክስ ሰው ነው።

«ጋሼ፥ ምን ሆንህ?»

«ጃፓን አንሸራተተኝ» አሏቸው ጋሼ እየሳቁ፤ አቀፏቸውም።

ያን ሌሊት በጋሼ ክፍል ውስጥ ኩራዙ እስኪጠፋ ድረስ ተቀመጡ። ጋሼ በመስከረም ወር 602 በሚባለው ኮረብታ ላይ የሞርታር ስብርባሪ ጭናቸውን እንደ መታቸው፥ ጃፓን የሄዱት ለዕረፍት ሳይሆን ወደ ሆስፒታል እንደ ነበረ፥ እግሩ ይቆረጣል ተብሎ ተፈርቶ እንደ ዳነ አንድ በአንድ ነገሯቸው። «ያልነገርሁህ ትምህርትህን ጥለህ ወታደር ቤት እንዳትገባ ፈርቼ ነው» አሏቸው።

ያን ጊዜ አያቴ ከተቀመጡበት ተነሥተው ከጋሼ እግር ላይ ወደቁ። ስለ ፈተናው፥ ስለ ደገሙት ዓመት፥ ስለ ተቀደዱት ሁለት ደብዳቤዎች ሁሉንም ተናገሩ። ጋሼ ይቈጣሉ ብለው ጠበቁ። ጋሼ ግን «እንግዲያው አልናቅኸኝማ!» አሏቸው።

«ሌላ ምንም አላለኝም» አሉኝ አያቴ። «አንድ ዓመት ሙሉ ዋሽቼው፥ በሻምበሉ ፊት አሳፍሬው፥ እርሱ የሰማው ነገር ያልናቅሁት መሆኑን ብቻ ነው። ሲነጋ ግን አንድ ነገር ተናገረኝ። ‹ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ስንቅ ተሸክሜ ስለ ሄድሁ የስንቁ እውነት መሆኑን አውቃለሁ። የእኔና የአንተ ውሸት ግን እያደር ከበደ። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ከወንድሜ አንድ እውነተኛ ቃል ባገኝ ቍስሌ በፈጠነ ነበር፤ አንተም መውደቅህን ብትነግረኝ ወድቆ የተነሣ ሰው ምን እንደሚመስል እጽፍልህ ነበር። ሁለታችንም አንዳችን ለሌላው ስናዝን ብቻችንን ቀረን።›»

አያቴ በሰኔ 1944 ፈተናውን በመልካም ውጤት አለፉ። ከጃፓን የመጣው ብዕር በክዳኑ እንደ ተዘጋ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር። ቀለም የተሞላው በመስከረም 1945፥ እውነተኛ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በሆኑ ቀን ነው። በኋላም አስተማሪ ሆነው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሠሩ የተማሪዎቻቸውን ውጤት የሚመዘግቡት በእርሱ ነበር። ጋሼ እያነከሱ በክብር ዘበኛ ግምጃ ቤት እስከ ጡረታቸው ሠሩ። የደርግ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀበት ዘመን ስለ ኮሪያ ዘመቻ በአደባባይ መኵራራት የሚያስፈራ ነገር ስለ ሆነ፥ ደብዳቤዎቹ በቆርቆሮው ውስጥ ሆነው ከአልጋው ሥር ገቡ። ጋሼ ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አፍንጮ በር አጠገብ ለዘማቾቹ የቆመ ሐውልት አለ። በኮሪያም ቹንቾን በምትባለው ከተማ ከ1960 ጀምሮ የቆመ መታሰቢያ እንዳለ ተምሬአለሁ። የጋሼ መታሰቢያ ለእኔ ግን ያ የብስኩት ቆርቆሮ ነው።

አሁን ታሪኩ ወደ እኔ ይመጣል።

ታላቅ እህቴ በዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች አራት ዓመት ሆናት። የሒሳብ ትምህርት እንደሚከብደኝ ስለምታውቅ ለማጠናከሪያ ትምህርት የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ትልክልኝ ነበር። ሁልጊዜ ማታ፥ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ፥ በስልክ ድምፅዋን ቀድታ ትልክልኛለች፤ «ትምህርት እንዴት ነው?» ትላለች። እኔም «ደኅና ነው እትዬ» ብዬ እጽፍላታለሁ። ሦስት ቃል ብቻ። እውነቱ ግን ከኅዳር ወር ጀምሮ ወደ ማጠናከሪያው ትምህርት መሄድ ትቼ ነበር። በሰዓቱ የምገኘው ኳስ ከሚታይበት ቤት ውስጥ ነው። በግማሽ ዓመቱ ሒሳብ ከመቶ 38 አገኘሁ። ይህን ሳትነግሩብኝ የቆያችሁ የክፍል ጓደኞቼ አመሰግናችኋለሁ፤ ይሁን እንጂ ከእንግዲህ ምሥጢር አይደለም።

ያን ቀን ከአያቴ ቤት ስመለስ በአውቶቡስ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ እህቴ በሦስት ወር ውስጥ የላከችልኝን ድምፅ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደ ደብዳቤ አዳመጥሁ። በጥቅምት ወር ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው። በኅዳር በሹክሹክታ ትናገራለች። በታኅሣሥ ከኋላዋ የሚሰሙት ድምፆች ሌሎች ናቸው፤ ቀድሞ የነበረው ሕፃን ልጅ አይሰማም። ይህን ሁሉ ሰምቼዋለሁ፤ ግን አልሰማሁትም። እኔም የምፈልገው «ታውቆብኝ ይሆን?» የሚለውን ብቻ ነበርና።

ማታ ጻፍሁላት። እንደ አያቴ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። በስልክ ላይ ማጥፋት ወረቀት ከመቅደድ ይቀላል። በሦስተኛው ግን ስለ 38ቱም፥ ስለ ኳሱም፥ ስለ ገንዘቡም ሁሉን ጻፍሁና ላክሁት። አራት ቀን ሙሉ መልስ አልመጣም። በእነዚያ አራት ቀናት የበላሁትን ምግብ ጣዕም አላውቅም።

በአምስተኛው ቀን መልስ መጣ። መጀመሪያ ላይ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የሚገባኝን ነው የተናገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንተ እውነቱን ከነገርኸኝ እኔም ልንገርህ» አለችኝ። የሠራችበት ቤት የሦስት ወር ደመወዝ ስለ ከለከላት በኅዳር ወር ቤት ለውጣ ነበር። በእነዚያ ወራት ለማጠናከሪያ ብላ የላከችልኝን ገንዘብ ከጓደኛዋ ተበድራ ነው የላከችው። ለእናታችን እንዳልነግር ለመነችኝ። እኔ ግን «እትዬ፥ ከዚህ ቤት መዝለል ይቅር» አልኋት። አብረን ነገርናት። እናቴ አለቀሰች፤ ቀጥላም «ልጄን ብቻዋን አስቸገርኋት» አለችና፥ በየሳምንቱ እሑድ ሁላችንም ተቀምጠን እንድናነጋግራት ደነገገች። እስከ ዛሬ አንድ እሑድ አልተጓደለም።

ለአያቴም ሄጄ ውጤቴን ተናገርሁ። ፈገግ አሉና «በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮውን ያስወጣሁህ ለምን ይመስልሃል? ‹ደኅና ነው› ብለህ ስትመልስልኝ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። የታወረው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም» አሉኝ።

አሁን የማጠናከሪያውን ትምህርት የምከታተለው ሳይከፈልበት፥ የሒሳብ መምህራችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሚሰጡት ክፍል ነው። በመጨረሻው ሙከራ 54 አገኘሁ። ቍጥሩ የሚያኰራ አይደለም፤ ነገር ግን ለእህቴ የጻፍሁላት ያንኑ 54 ነው።

ውድ የክፍል ጓደኞቼ! ከመካከላችን ወንድሙ ወይም እህቱ ባሕር ማዶ ያልሄደ ጥቂት ነው። አንዱ በሰላም አስከባሪነት ዘምቷል፤ አንዷ በሰው ቤት ትሠራለች፤ ሌላው በስደት አለ። እነርሱ እንዳንጨነቅ ብለው ይደብቁናል፤ እኛም እንዳያፍሩብን ብለን እንደብቃቸዋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፥ በዚህ መካከል የሚረዳና የሚረዳው ይተላለፋሉ። ወላጆቻችንም ቢሆኑ የውጤት ካርዳችንን ሲያዩ ከቍጣው አስቀድመው «ምን ቸገረህ?» ቢሉን፥ ብዙ ደብዳቤ ከመቀደድ ይድናል ብዬ አምናለሁ።

አያቴ አሥራ አራቱን ደብዳቤዎች መልሰው በነጩ ክር ካሳሰሩኝ በኋላ ብዕሩን ለእኔ ሰጡኝ። ይህን ጽሑፍ በመጀመሪያ የጻፍሁት በእርሱ ነው። ቀለሙ ትንሽ ያፈሳል፤ ግን ይጽፋል።